ኦክናም ያለ ሸኚ የተሻገረችበት ሰዓት

ቶንግዮንግ፣ ጥር 22 ቀን

ለልጄ ለጂንጉ፣

እንዴት ከርመሃል? እህል ትቀምሳለህ? ስትደውል የማላነሳው ተቀይሜህ አይደለም። አፍሬ ነው፤ በአንተ ሳይሆን በራሴ። በድምፅ የማልችለውን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው።

ኦክናም መሞቷን ሰምተሃል። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የባሕር ዛጎል ስንፈለቅቅ ኖረናል። አስከሬኗ ወደ ትውልድ ደሴቷ እንደሚሻገር የሚናገረው፣ የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት የላከው መልእክት በየስልካችን ገባ። «ጀልባው የሚነሣው 05:30» ይላል፤ ንጋት ላይ መሆኑ ነው። ጎረቤታችን ፒልዶ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ አነበበና «በዚያ ሰዓት እኮ ወደ ደሴቱ የሚሻገር የለም፤ የምን ጀልባ ነው?» አለ። አፉን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።

«መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የሠራው ልጄ ነው! ካንተ ወሬ የሱ ማሽን ይሻላል» አልኩት። ሁሉም ሳቁ፤ አመኑኝም።

ጎህ ሳይቀድ ጥቁር ለብሰን ወደቡ ላይ ቆምን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጀልባ የለም፣ ሬሳ የለም። ለልጇ ለሚሱክ ብንደውል ስልኳ ዝግ ነው። ቀድመውን ሄደዋል ብለን እያዘንን ወደ ሥራችን ተበተንን። ለካ መነሻው አመሻሽ ላይ፣ 17:30 ኖሯል። ሚሱክ እናቷን ይዛ ስትሻገር የሸኛት አንድ ሰው አልነበረም።

ይህን የጀልባው ሰዎች ሲነግሩን መፈልቀቂያው ቤት ታመሰ። «የማን ልጅ ነው እንዲህ ያዋረደን? እናት የለውም እንዴ?» አለች አንዷ እያየችኝ። ምን ብል ጥሩ ነው? «ልጄ ፕሮግራሙን ከሚሠራው መሥሪያ ቤት ከወጣ ቆይቷል፤ ያበላሸው ሌላ ሰው ነው» አልኩ። ቢላዬን እንኳ ሳላስቀምጥ።

ሚሱክ ከቀብር ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«አክስቴ ማልሱን፣ ጂንጉ ደውሎልኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለማሽኑ ሰዓቱ በምን መልክ እንደሚጻፍ የሚነግሩት ፊደሎች አሉ። ትልቁ የእንግሊዝኛ ኤች እስከ ሃያ አራት ይቆጥራል፣ ትንሹ አሥራ ሁለት ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እሱ ትንሹን ጻፈ። ፊደሎቹን የሚፈትሽ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ እሱም አሳለፈው፤ ትንሹም ቢሆን የታወቀ ፊደል ነዋ! ጠዋትና ማታ ይምታታል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ‹ፈታሹንም የሠራሁት እኔው ነኝ፤ በማንም አላሳብብም› አለኝ። አለቀሰ። ገና ስልኩን ሳነሳ ደግሞ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹የማልሱን ልጅ ነኝ።›»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንተ ጥፋትህን ተሸክመህ ስሜን ጠራህ። እኔ ምንም ሳልሸከም ካድኩህ።

ለጨረቃው አዲስ ዓመት ና። ሥራ በዝቶብኛል እንዳትለኝ። ወደ ደሴቱ አብረን እንሻገር፤ መቃብሯ ፊት ቀድሜ የምሰግደው እኔ ነኝ። ሚሱክንም አብረን እናያታለን። ብቻዬን ሞክሬ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

የአባትህ ነፍስ ከፊትህ ትቅደም። ደረትህን ከብርድ ሸፍን።

የጂንጉ እናት