የጌታቸው ገበጣ

ሐሙስ
ሳላማክረው ገበጣውን ሰጠሁ። እሁድ የሰፈራችን የባህል ምግብና ጨዋታ ቀን ነው። ከአስተባባሪዎቹ አንዷ፣ ጎረቤቴ አልማዝ፣ ገበጣ አጣን ስትለኝ የባሌን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አስያዝኳት። ጌታቸው ተኝቶ ነበር። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ሰባት ወሩ። ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣም፣ ገበጣም አልነካም። ድሮ በዚህ ሰፈር እሱን የሚረታ አልነበረም።

ዓርብ
አወቀ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቀን ይምታታበታል። ባለፈው ረቡዕን እሁድ ነው ብሎ ነጠላ አምጪልኝ አለኝ። እጁስ ይሁን። አእምሮው ከከዳው ምን እሆናለሁ?

ቅዳሜ
ቅቤ አንጥሬያለሁ። ጎመኑም ተከትፏል። የቀረኝ አይቡና ቆጮው። ጣቴን ቆረጥኩት፣ ሐሳቤ እዚህ የለም። ነገ አብረን እንሂድ ስለው፣ "ሰው እንዲያዝንልኝ?" አለ።

እሁድ
ቆጮዬ ቶሎ አለቀ! በገመድ ጉተታ ሴቶቹ ወንዶቹን ጥለው አልማዝ በካልሲ ስትጨፍር እየሳቅኩ ቀና ስል፣ ጌታቸው ምርኩዙን ይዞ ቆሟል። ብቻውን መጥቶ።
አጎረስኩት። "አይቡ ጨው በዝቶበታል" አለ። ሰው ሁሉ ግሩም ነው ሲለኝ ነበር የዋለው።
ከድሮ ባላንጣው ከጋሽ ወርቁ ጋር ገበጣው ፊት ተቀመጠ። በግራ እጁ ሲያድል ጠጠሩ ተበተነበት። ትሪዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አሸነፈ። ተጨበጨበ። የእሱ ፊት ግን ጠቆረ።
"ወርቁ፣ ከዳር ያለውን ብታነሳ አራት ጠጠር ትበላኝ ነበር። ለምን ተውከው?"
ጋሽ ወርቁ አላየሁትም አሉ።
"አይተሃል። እንዲህ የሚጫወቱት ከሕፃን ጋር ነው።"
ጥሎ ሄደ። እኔ እዚያው አለቀስኩ። አልማዝ ያፈርኩ መስሏት አይዞሽ አለችኝ። በአእምሮው ቆጥሮታል እኮ። አራቱንም ቆጥሮታል።

ሰኞ
ጋሽ ወርቁ ገበጣውን ሊመልሱ መጡ። አልገባም ብለው የግቢው በር ላይ ቆሙ። ጌታቸው ከውስጥ፣ "ግባና እንደ ሰው ተጫወት" አላቸው።
ይኸው ደጅ ተቀምጠዋል። ሁለቴ ተሸንፏል፣ ሲሳደብ ይሰማኛል። ደስ ብሎኛል።
ጠዋት ግን ዛሬ ሐሙስ ነው ብሎኝ ነበር። አላረምኩትም።