ደረጃ አይደክመኝም

ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የዚያ አገር ብርድ ለጉልበት እንደማይበጅ አውቃለሁና እውነቱን እንድትነግሪኝ ነው የምጠይቅሽ፤ ለወጉ ያህል አይደለም።

እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤት ቀይሬያለሁ። ከፒኮ ጎዳና ብዙ ሳልርቅ ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። በድሮው ቤቴ መስኮት፣ በመጣሽ ጊዜ የወደድሽው የጃካራንዳ ዛፍ አናቱ ይታይ ነበር፤ በአሁኑ የሚታየኝ የቆሙ መኪናዎች ጎማ ነው። ጸጥታው ግን ይስማማኛል። የሆስፒታሉንም ሥራ ትቻለሁ። ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ነው እያልሽ ለዘመድ እንዳወራሽ ሰምቻለሁ። ጠባዬን አይተሽ የገመትሽው ነውና አልቀየምሽም። እንደዚያው ይቆይ።

ይህንን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። በስልክ ግን ታቋርጪኛለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ መጨረሻ ላይ ወሬው ስለ እኔ ቁጣ ይሆንና የተነሣንበት ጉዳይ ይቀራል። ስለዚህ ተቀምጠሽ አንብቢው።

የላክሽልኝን የጥናት ረቂቅ አንብቤዋለሁ። ምን እንደምታጠኑ ያልገባኝ እንዳይመስልሽ። ዕድሜዬን የሕክምና መሣሪያ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ከደረት ቆዳ ሥር ተቀብሮ ልብን ምት የሚያስጠብቀው ይህ መሣሪያ የአውሮፓ ገበያ ይግባ ወይስ አይግባ ነው ጥያቄያችሁ። ፋብሪካው የሚመካው በአንድ ነገር ነው። ባትሪው መድከም ሲጀምር መሣሪያው ወደ ቁጠባ ይገባል፤ ልብን ቀስ አድርጎ ያስኬድና ሳይለወጥ ዓመታት ይሰነብታል። ቀዶ ሕክምና ይቀንሳል፣ የሚጣል ዕቃ ይቀንሳል፣ መንግሥትም ከወጪ ይድናል። ዘላቂነት የምትሉት ይህንን ነው፤ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ማወቅ የቀራችሁ በቁጠባ ላይ ያሉት ሰዎች ይደክማቸው እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነበር። መሣሪያው እዚህ አሜሪካ ቀድሞ ስለገባ ሰዎቹን ፍለጋ ወደዚህ መጣችሁ። አንቺም መጠይቁን ወደ አማርኛ እንድመልሰውና ፌርፋክስ አካባቢ መሣሪያው ያለባቸውን የእኛን ሰዎች እንዳነጋግር ለመንሽኝ።

መለስኩት፤ አነጋገርኳቸውም። ከትርጉሙ አንድ ግድፈት ብታወጪ በዓመት በዓል በሰው ፊት አፌን እዘጋለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ቅጣት እንደማታውቂልኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ ከትርጉሙ አይደለም።

ጋሽ ካሣዬን ታስታውሻቸዋለሽ። ከገበያው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው «አውሮፓን የምታክመው ይህቺ ቀጭን ናት?» ብለው የቀለዱብሽ ሰውዬ ናቸው። ድሮ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። አሁን ከልጃቸው ከሉሊት ጋር ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ሄጄ መጠይቁ እንደሚያዘው «ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የለም፣ ምንም አይደክመኝም» አሉ፣ እግራቸውን አጣጥፈው።

ሉሊት ከማእድ ቤት ሰምታ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ጋሼ፣ እሱን አትስማው። ሶፋ ላይ እኮ ነው የሚተኛው። ቤድሩሙ ፎቅ ላይ ነው፣ ከገና ወዲህ ወጥቶ አያውቅም።»

እሳቸው ዞር እንኳ አላሉም። «የጠየቀኝ ስትወጣ ይደክምሃል ወይ ብሎ ነው። አልወጣም፤ አይደክመኝም። ፈተናው የእኔ ነው የአንቺ?» አሉ።

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም። የእናንተ መመሪያ ግን ከታማሚው አፍ የወጣው ብቻ ይመዝገብ ይላልና «አይደክመኝም» ብዬ ሞላሁ። ከዳር በእርሳስ የሚተኙት ሶፋ ላይ መሆኑን ጻፍኩ።

ከዚያ እትዬ ሮማነወርቅ ዘንድ ሄድኩ። እርጅና እስኪያቆማቸው ድረስ የሰው አዛውንት ሲያጥቡና ሲያጎርሱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ሕመም ምን እንደሚመስል ሊነገራቸው አይገባም። «ጤንነትዎን ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ቢሰጡት ስንት ይሰጡታል?» አልኳቸው። «ሰጪው ማነው?» አሉኝ። እግዚአብሔር ነው አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። «ታዲያ ለእሱ አራት ልስጠው? ምን አጎደልክብኝ ብዬ? አምስት ብለህ ጻፍ» አሉ። ይህንን ብለው እስኪጨርሱ መሀል ላይ አርፈው ትንፋሽ ወስደዋል። እሱንም ከዳር ጻፍኩት። ስነሣ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተስ ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። ተመስገን አልኳቸው። «አምስት ነዋ» ብለው ሳቁ።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የሕክምና ጥያቄ ይዤ ሄጄ የሰላምታ መልስ ተሸክሜ ተመለስኩ። ጥያቄው ባማርኛ ሲጠየቅ መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። አፍ ሳይከፈት ተመስገን ይቀድማል። ታምሜያለሁ ማለት ማማረር ነው፤ ያውም በሰው ቤት፣ ለእንግዳ። ይህንን ለፈረንጆቹ ባልደረቦችሽ ማስረዳት ይከብድ ይሆናል። ለአንቺ ግን የሚያስረዳሽ ሰው ያስፈልግሻል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የዳር ጽሑፎቹን ስልክልሽ የመለስሽልኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ወንድም ጋሼ፣ ዳታ ማለት የታማሚው መልስ ነው፤ ያንተ ትዝብት አስተያየት ነው። መጠይቁ በብዙ ቋንቋ ተፈትኖ ያለፈ ነው» አልሽ። ከዚያም ረቂቁ ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያውያን ከሁሉም በዕድሜ የገፉና የታመሙ ሆነው ሳለ ከሁሉም ያነሰ ቅሬታ አላቸው፣ ይህም ቁጠባው በታማሚው ኑሮ ላይ ጫና እንደሌለው ያሳያል ብላችሁ ጻፋችሁ። «የፌርፋክሶቹ መልስ ጥናታችንን አዳነው» ብለሽም በደስታ ጽፈሽልኛል። ደስታሽን ሳነብ አፈርኩ። ስለ ማን እንዳፈርኩ አሁንም አልለየሁትም።

እናታችን በስልክ ምን ትልሽ ነበር? እኔንስ ምን ትለኝ ነበር? «ደህና ነኝ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ።» ከአልጋ መነሣት ካቃታት በኋላ እንኳ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ትራስ አስደግፉኝ ብላ ነበር ስልኩን የምትቀበለው፤ ተኝታ እንደምታወራ ድምፅዋ እንዳያሳብቅባት። አንቺ ለቅሶው ላይ «ምነው ሳንጠይቃት» እያልሽ ደረትሽን መታሽ። ጠይቀናት ነበር እኮ። በየሳምንቱ ጠይቀናታል። የሰጠችንን መልስ ነው ዳታ አድርገን የያዝነው። ይህንን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው እንደገና በሰው እናት ላይ፣ ያውም በወረቀት፣ ያውም በዩኒቨርሲቲ ማኅተም ሲያደርገው ምን ይባላል? እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ። እህቴ ስለሆንሽ አልጽፈውም።

ጋሽ ካሣዬ ወደቁ። ይህንን ታውቂያለሽ፤ የዚያኑ ዕለት ደውዬ ነግሬሻለሁ። እንዴት እንደወደቁ ግን ሳልጨርስልሽ ወደ ስብሰባ ገባሽ። የፌርፋክስን ጎዳና ሲሻገሩ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። አልተሰናከሉም፤ ማንም አልገፋቸውም። አቅም አለቀባቸውና ቆሙ። የእግረኛው መብራት ጠፋ፣ መኪናው ጡሩምባውን ነፋ፤ እሳቸውም ሹፌሩን ይቅርታ ለመጠየቅ እጃቸውን ሲያነሡ ወደቁ። ሉሊት ናት የነገረችኝ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ሐኪሞቹ መሣሪያውን ሲያዩት ቁጠባ ላይ መሆኑን ደረሱበትና ለወጡላቸው።

ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸው ወዝ ነበረው። «ኢንጂነር፣ ለካስ ታምሜ ኖሯል፤ እኔ እኮ እርጅና እንዲህ ያለ መስሎኝ ነው የተቀመጥኩት» አሉኝ። ከዚያም በአንሶላው ላይ እግራቸውን ዳሰሱ። አሁን ልባቸው ደረጃ ይወጣል፤ እግራቸው አይወጣም።

አንቺ ግን ምን አልሽ? «በጣም ያሳዝናል፤ የወደቁት ግን ከጥናቱ ጊዜ ውጭ ነው።» ልክ ነሽ፣ ከጥናቱ ጊዜ ውጭ ነው። የጋሽ ካሣዬ «አይደክመኝም» ግን ከጥናቱ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ እስካሁን በሰንጠረዥሽ ላይ ተመዝግቦ፣ ለማታውቂያቸው የአውሮፓ ሽማግሌዎች ምስክር ሆኖ ቆሟል።

ቁጠባ ምን እንደሚመስል ማንም ስላልነገረሽ እኔ ልንገርሽ። ጠዋት ጫማ ለማሰር ጎንበስ ብለሽ ቀና ስትይ ክፍሉ ትንሽ ዘግይቶ ይከተልሻል። ከሱቅ ስትመለሺ ወተቱን ትመርጪና ውኃውን ትተይዋለሽ፤ ሁለቱን አትሸከሚም። መንገድ ላይ ስትቆሚ ስልክ የምታዪ ትመስያለሽ። ሰው አንድ ነገር ሲነግርሽ መልሱን ታውቂዋለሽ፤ ለመናገር ግን ታመነቺያለሽ፣ መናገርም ትንፋሽ ይወስዳልና። ሕመም የለውም። ሕመም ቢኖረው ሰው ይጮኽ ነበር። ቀስ እያለ ነው የሚወስድሽ፤ ስለዚህ የተወሰደብሽን አታውቂውም፤ ብታውቂውም ዕድሜ ነው ትያለሽ። ይህ በማንም መልስ ውስጥ አልተጻፈም።

አሁን የምፈልገውን ልንገርሽ። ጥናቱ መሣሪያውን ለሚያጸድቁት ወሳኞች የሚቀርበው በሚመጣው ወር ነው ብለሽኛል። ከዚያ በፊት የፌርፋክስን መልስ በሙሉ ከጥናቱ አውጪው። ማውጣት ካልፈለግሽ የዳር ጽሑፎቹን አንድ ሳታስቀሪ አብረሽ አቅርቢያቸው፤ ያነበበ ይፍረድ። ሁለቱንም እንቢ ካልሽ ስሜን ሰርዢ፤ እኔም ለምን እንደተሰረዘ ለወሳኞቹ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ። ባልደረቦችሽ ይቆጣሉ፣ ሥራሽ ይጓተታል፣ ምናልባትም ከቡድኑ ያስወጡሽ ይሆናል። ይህንን ሳላስብ የጻፍኩ እንዳይመስልሽ። አስቤበታለሁ፤ ጽፌዋለሁም።

እንደገና የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ሰውን እንዴት ነዎት ብላችሁ አትጠይቁ። የት ነው የሚተኙት በሉ። ከሱቅ ዕቃ የሚያመጣልዎ ማነው በሉ። ቅዳሴ ላይ መቼ ነው ወንበር የያዙት? ሥራ ለምን ተዉ? ቤት ለምን ቀየሩ? ለእነዚህ ተመስገን መልስ አይሆንም። ሰው ሳያስበው እውነቱን ይነግራችኋል።

ጥናቱን ስታቀርቢ እንድገኝ ቲኬት ልላክልህ ብለሻል። እግዜር ይስጥልኝ፣ አልመጣም። ረጅም በረራ አይመቸኝም። በፋሲካም ስቀር ተቀይመሽኝ ነበር፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ተቀየሚኝ።

እንግዲህ ተናግሬ ወጥቶልኛል። ጉልበትሽን እሱ ያጽናልሽ። ልጆችሽን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ከወላጅ ተመስገን ጀርባ ያለውን የሚሰማ ጆሮም ይስጥልሽ። ባለቤትሽን ሳሚልኝ። የእናታችንን ሙት ዓመት እንዳትረሺ፤ እኔ እዚህ አስቀድሳለሁ፣ ከቻልኩ።

በመልእክትሽ መጨረሻ ላይ «አንተስ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ደህና ነህ?» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። እውነቱን እንድነግርሽ ስለጠየቅሽኝ ሳልመልስልሽ መቅረት አልወደድኩም። ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ደረጃም አይደክመኝም።

ታላቅ ወንድምሽ