የቀዝቃዛ ውሃ ማባበያ

ጥቅምት 6
የሚጽፈው እጅ የምራቴ ነው፣ ቃሉ የእኔ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፈርኩበትም። ካርፕ የሚሉት ዓሣም አልቆጠረም፣ ግን መንጠቆ ያለበትን ከሌለበት ይለያል። ጻፊው... ትስቃለች። መሳቅሽንም ጻፊ።

የካርፕ ማባበያዬ ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ብዬ ነው የማስጽፈው። ሰው እንደሆነ ዳቦ ቆርሶ መንጠቆ ላይ መሰካት ነው የሚያውቀው። ይሄው፦ የበቆሎ ዱቄት፣ ከእሱ ያነሰ የስንዴ ዱቄት፣ የተቆላ ኦቾሎኒ ተወቅጦ፣ እንቁላል፣ ትንሽ ማር። ውሃ ጠብ አይልበትም። የጆሮ ጫፍ ያህል እስኪለሰልስ ማሸት። በአተር ፍሬ መጠን ማድቦልቦል፣ የፈላ ውሃ ውስጥ መጣል፣ ሲንሳፈፍ አውጥቶ ጨርቅ ላይ መዘርጋት። ቆዳ ያወጣል። ያኔ ትንንሹ ዓሣ አይቦጭቀውም፣ ትልቁን ይጠብቃል።

ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። በክረምቱ ግማሽ ጎኗን ከያዛት ወዲህ ቃል ከአፏ አይወጣም። ድሮ "ድስቴን ዓሣ ዓሣ አሸተትከው!" ብላ በማማሰያ ታባርረኝ ነበር። አሁን ድስቱን ብሰብረውም የሚናገረኝ የለ።

ጥቅምት 13
ሐይቁ ዳር ዋልኩ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ወዳጄ ጋር። ምላሱ ከምላጩ ይበልጣል።

"አንተ ሽማግሌ፣ ይሄን ማር ለዓሣ ከምትሰጥ ለእኔ ብታቀምሰኝ ምናለ?"

"ዓሣው ተጠምዶ ይበላል። አንተ ብትጠመድ ማን ይበላሃል?"

ሁለት ካርፕ አወጣሁ። እሱ ጫማውን ብቻ አረጠበ። ስንመለስ ምን አለኝ? "ያንተን ሊጥ እምቢ ያለ አፍ አላየሁም።"

እምቢ ባይ አፍ እኔ አይቻለሁ። ቤቴ ውስጥ ነው ያለው።

ጥቅምት 14
"አንድ ማንኪያ ብቻ፣ እማማ፣ በሞቴ..." ትላለች ምራቴ። ሾርባው ይቀርባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይመለሳል። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ አንሶላው ውስጥ አገኘነው። እኔ ኪሴ ከተትኩት።

ጥቅምት 20
ዛሬ... እንዴት ልበለው? አጠገቧ ተቀምጬ የቀቀልኩትን ማባበያ ጨርቅ ላይ ስደረድር ደህና እጇን ዘረጋች። አንዷን አንስታ አፏ ከተተች።

"የዓሣ ነው እኮ!"

በድዷ ፈጨችው፣ አጣጣመችው፣ ዋጠችው።

"ማር... አለው" አለች።

ሁለት ቃል! ምራቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። "አባባ! ለእማማ የዓሣ ማባበያ? ምን ምን ጨምረውበታል?" እኔ የማልቀምሰውን ለዓሣም ሰጥቼ አላውቅ። ንጹሕ ነው አልኳት። ምራቴ አለቀሰች፤ አልተቆጣኋትም።

ጥቅምት 22
ለብቻዋ ሠራሁላት። ቆዳ እንዳያወጣ በወተት አለሰለስኩት። ጥርስ የላትም። ካርፕም አፉ ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ለጥርስ የለሽ ማብሰል ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ካርፕ ነክሶ አይወስድም። ይስባል፣ ያጣጥማል፣ ካልጣመው ይተፋል። እሷም እንደዚያው። ማሩ ሲበዛ ተፋችው። ቀነስኩ... ዋጠች።

"አባባ፣ ይሄን 'ምግብ' ብዬ ልጻፍ ወይስ 'ማባበያ'?"

"ማባበያ በይው። የሚያለቅስ ሕፃን ምን ይደረጋል? ይባበላል። የታመመም ይባበላል። ዓሣም ይባበላል። ቃሉ አንድ ነው።"

"ዓሣውን ግን አባብለው ይገድሉታል።"

ይቺ ምላስ! ጻፊው። እሱንም ጻፊው።

ኅዳር 2
እንደ ወፍ ነው፣ ግን ትበላለች። ፀጉር አስተካካዩ ላይ ፎከርኩበት። "በስተርጅና ሚስትህን በመንጠቆ ያዝካት?" አለኝ። "ድሮ የያዘችኝ እሷ ናት። አሁን ተራዬ ነው" አልኩት። ስንስቅ ዓሣው ሁሉ ሸሸ።

ኅዳር 15
ብርዱ ገባ። አፏን ገጠመች። ኦቾሎኒውን ተውኩ፣ ሙዝ ጨመርኩ... እምቢ። እርጎ... እምቢ። እኔን? የእኔን እጅ? ከንፈሯን በጣቴ ከፈትኩና አጎረስኳት።

ትን አላት። ፊቷ ጠቆረ። ምራቴ በጎኗ ገልብጣ በጣቷ አወጣችው። ቆሜ ቀረሁ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች። "አባት፣ ከእንግዲህ በግድ አያጉርሷት። ሰውነቷ እየዘጋ ነው። ከንፈሯን ያርጥቡላት፣ አጠገቧ ይሁኑ።"

"እየዘጋ? ሱቅ ነው እንዴ?" አልኳት።

አልሳቀችም።

ኅዳር 16
ደግሞ ሠራሁ። አሳንሼ፣ አለስልሼ። ምራቴ አልጋው ፊት ቆመች። "አባባ፣ ይብቃ።" ገፍቻት ልሄድ ነበር። አልገፋኋትም። ሊጡ እጄ ላይ ደረቀ።

ኅዳር 17
ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ውሃው እጅ ይቆርጣል። ፀጉር አስተካካዩ እፍኝ እፍኝ ዳቦ እየዘገነ ይበትናል። ጮህኩበት።

"አንተ ደንቆሮ! ስንቴ ልንገርህ? ውሃ ሲቀዘቅዝ ካርፕ አይበላም! ጠግቦ አይደለም። ተቀይሞህ አይደለም። ማባበያው ከፍቶም አይደለም! ጭቃው ላይ ተኝቷል። የምትበትነው ታች ይከማችና ይሸታል፤ ውሃውን ታበላሽበታለህ እንጂ አትጠቅመውም። ተወው፣ ይተኛበት!"

ዳቦውን ጣለው። "እሺ ወንድሜ... ተውኩት። ምን ሆነሃል?"

ለማን እንደጮህኩ ያኔ ነው የገባኝ። ዘንጌን ሳልዘረጋ ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ኅዳር 19
ማባበያ አልሠራሁም። ምራቴ ድስቱን አጥባ "የት ላስቀምጠው?" አለች። ከላይ፣ እጄ የማይደርስበት አልኳት።

የባለቤቴን ከንፈር በእርጥብ ጥጥ ነካ ነካ አደርጋለሁ። አትዘጋብኝም። ቀለበቱን ከኪሴ አውጥቼ በክር አንገቷ ላይ አሰርኩላት። እጇ ቀዝቅዟል። ትተነፍሳለች... ትቆያለች... ትተነፍሳለች። ምንም ሳልይዝ አጠገቧ ስቀመጥ እጄ ምን እንደሚሠራ ጠፋበት። ኋላ እጇን ያዘ።

በቃ፣ ብዕሩን አስቀምጪ። አሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢው። ስለ ማማሰያው ስትደርሺ ጮክ በይ። ለእኔ አይደለም፣ እኔማ አውቀዋለሁ። ወደ አልጋው ዞረሽ ለእሷ አንብቢላት።