ጌዶ ከአስመራ ይርቃል

ውዴ ቶሎሳ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ልጃችን ሌንሴ ትምህርት ቤት ገብታ ስምህን መጻፍ ችላለች። የደጁ ባሕር ዛፍ ከጣራው በላይ ሆኗል። እኔም ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

ለሥራ አስመራ በተቀየርክ ጊዜ ያልከኝን አልረሳሁም። ከአዲስ አበባ አስመራ በአውሮፕላን እንደ ሁለት ሰዓት ነው፤ በክረምት ከአምቦ እዚሁ ጌዶ መድረስ ግን ጭቃው ከፈቀደ ነው ብለህ አሳቅኸኝ። ጌዶ ከአስመራ ይርቃል እያልክ አጎትህን ኦቦ ጉታማን ታበሽቃቸው ነበር።

ያረፍክ ዕለት ጠዋት ጓደኞችህ ደውለው አጎትህን አምቦ ስልክ ቤት አስጠሯቸው። ባለቤቱ ከመጣች ቀብሩን እስከ ነገ ከሰዓት እናቆያለን አሏቸው። እሳቸው ምን አሉ? ሩቅ ነዋ፣ ፋጎ! አትደርስም፤ መርዶም ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም አሉና ዘመድ ሊጠሩ ጌዶ ሄዱ። የተሳፈሩበት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲጎተት ዋለ፣ እዚያው አደረ። እሳቸው ከጌዶ ሳይመለሱ እኔ አስመራ ደርሼ በእጄ በቀበርኩህ ነበር!

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። የሰማው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፈኛል። እኔ ምን አውቄ፤ ለመምጫህ ማር ልገዛ እየቀመስኩ ከሻጩ ጋር እሳሳቃለሁ። አንተ አፈር ስትለብስ እኔ እየሳቅኩ ነበር፣ ቶሌ። መርዶው እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፣ ሽማግሌ ተሟልቶ መጣ። አዝነውልኝ ነው የደበቁኝ፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቅር አላልኩም።

ለሙት ዓመትህ ጥቁሬን እንደለበስኩ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ሴት ብቻዋን፣ ያውም በሰማይ፣ ብሎ ዘመዱ ሁሉ ተነሳብኝ። ሄድኩ። እንባዬን ሳልጠርግ ደረሳችሁ ተባልን። ሩቅ ያሉት ይኼን ነው! መቃብርህ ላይ ያለቀስኩት ከሐዘኑ ይልቅ በእልህ ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ የጎረቤታችን የወርቂቱ ወንድም ድሬዳዋ ላይ አረፈ። ያው ሹክሹክታ ተጀመረ፤ ዘመድ እንዲመጣ ሸነን ድረስ ሰው ተላከ። እኔ ቀጥ ብዬ ገበያ ገባሁና በሰው መሃል ነገርኳት። አረመኔ አሉኝ። ወርቂቱ እየጮኸች አውቶቡስ ተሳፈረች፣ በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን ያዘች፣ ቀብሩም ጠበቃት። ስትመለስ ገና ቤቷ ሳትገባ የእኔን ደጅ አንኳኳች። አንገቴን አቅፋ ቆመች።

ኦቦ ጉታማ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይሉኝም። አይበሉኝ። ሌላው በተዝካር፣ በሻማ ያስታውስ፤ እኔ አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው፦ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚህ ሰፈር የማንም ሰው መርዶ አያድርም።

ያንተው ጫልቱ