የፊርደውስ እግርና የሊቀመንበራችን ሶፍትዌር

ለክቡር አቶ ሙሐመድጣሂር
በቤሩትና አካባቢዋ የወሎ እህቶች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ጅዴይዴ

ግንቦት 2005 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ከሙሉ ጤናዎ፣ ከላፕቶፕዎና ከቻርጀሩ ጋር እንዲያገኝዎ አላህን እለምናለሁ። እኛ እህቶችዎ፣ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ ከአንዷ በስተቀር ሁላችንም በሁለት እግራችን እኩል ቆመን እንሄዳለን።

በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ባለፈው እሑድ «ቅሬታ ያላት በሥርዓቱ፣ በኮምፒውተሩ በኩል ታቅርብ» ብለው ስላስታወቁን፣ እኔም ሥርዓት አክብሬ ሞክሬ ነበር። ይሁንና የመረጡልን ሶፍትዌር አማርኛ ሲጻፍበት ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሳጥን ስለሚያደርገው፣ ቅሬታዬ ከላይ እስከ ታች የተደረደረ ካርቶን መስሎ ቀረ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ እህቶቻችን በርበሬና ሽሮ ከሚገዙበት ሱቅ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እርስዎም ሽሮ ሲያልቅብዎ ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልናገር። ፊርደውስ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ባዕብዳ፣ ተራራው ላይ ካሉት ቪላዎች በአንዱ ትሠራ ነበር። የሳሎኑን ትልቅ መስኮት ከውጭ በኩል ስታጸዳ ከመሰላል ወደቀችና የጭን አጥንቷ ተሰበረ። አሠሪዎቿ፣ እውነቱን መናገር ይገባል፣ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ሕክምናውን ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል ብለው አስተኟትና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የፊርደውስ ዐረብኛ ደግሞ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ «ጥረጊ»ን፣ «አምጪ»ን፣ «ቶሎ በይ»ን ያውቃል እንጂ ቀዶ ጥገናን አያውቅም። ሐኪሙ ሲያስረዳት ከንግግሩ መካከል የገባት «እግር» እና «እንቆርጣለን» የሚለው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያስፈርማት? እግሯን በሁለት እጇ ይዛ «አልፈርምም» አለች። ከአጠገቧ ተኝታ የነበረች በሽተኛ ስልኳን አዋሰቻትና ደወለች። ለማን? ለማኅበሯ ሊቀመንበር።

እርስዎም ወዲያው አነሱት። «አይዞሽ እህቴ፣ ጉዳይሽ ፕሮጀክት ሆኖ ይከፈታል» አሏት። ምስኪኗ ፊርደውስ ፕሮጀክት የሚባለው የመኪና ዓይነት መስሏት «በስንት ሰዓት ይደርሳል?» ብላ ጠየቀችዎ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ፊርደውስ ከደወለችልዎ በኋላ በነበረው እሑድ ጅዴይዴ በምንሰበሰብባት ክፍል ተገኘን። የመጣነው ማን ወደ ፊርደውስ እንደሚሄድ ለመነጋገር መስሎን ነበር። ጅዴይዴ የምትሠራው ሰሊማ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እኔ ዛሬ ዕረፍቴ ነው፤ አሁኑኑ ሰርቪስ ታክሲ ይዤ ልሂድ፣ ያኒ እስከ መግሪብ እመለሳለሁ» አለች። እርስዎ ግን በትዕግሥት እጅዎን አንስተው፣ «እህት ሰሊማ፣ ይህን ማኅበር የገደለው ያለ ዕቅድ መሮጥ ነው። መጀመሪያ ዕቅዱን የምንይዝበትን የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እንምረጥ» አሏት። ሰሊማ ተቀመጠች። ሁላችንም ተቀመጥን። የተማረ ሰው ሲናገር መቀመጥ ከእናቶቻችን የወረስነው አደብ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መቼም አልረሳውም። የመጀመሪያው ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት አልሠራም አለ፤ የጎረቤታችንን ዋይፋይ እንዳንጠቀም ደግሞ ሰውዬው የይለፍ ቃሉን ቀይሮት ኖሯል። ሁለተኛው ለላፕቶፑ ከብዶት፣ ዙህር ሰግደን ስንመለስም «እየተከፈተ ነው» እያለ ይሽከረከር ነበር። ሦስተኛውን የላፕቶፑ የቀድሞ ባለቤት፣ የሰሊማ ማዳም ልጅ፣ ሞክሮት ኖሮ ገና ስንነካው «የሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል» ብሎ አሰናበተን። አራተኛውን ሊያሳዩን ሲሉ መብራት ሄደ። ክፍላችን በየወሩ የሚከፈልበት የጄኔሬተር ኢሽቲራክ ስለሌላት፣ የላፕቶፑም ባትሪ ከሞተ ስለቆየ፣ «የምርጫ ሂደቱ ለሚቀጥለው እሑድ ተላልፏል» ብለው በጨለማ ውስጥ አወጁ። ድምፅዎ በጣም ያምር ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሳምንቱ አመሰግናለሁ። እርስዎ በሚቀጥለው እሑድና በዚህኛው መካከል ምንም ነገር እንደሌለ ቆጥረውታል፤ ፊርደውስ ግን እዚያው መካከል ላይ ተኝታ ነበር።

እኔ ራውሼ ሰፈር አንዲት አሮጊት እጦራለሁ። የልጅ ልጆቿ ቴታ ይሏታል፣ አያቴ እንደማለት ነው፤ እኔም ቴታ እላታለሁ። ሐኪም ተራመጂ ስላላት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሹ ላይ፣ ክንዷን ይዤ አዘዋውራታለሁ። በሳምንቱ መካከል ሰሊማ ደወለችልኝ። «ረሺዳ፣ እኔን በር ቆልፈውብኛል፤ አንቺ እንኳ ከቤት ትወጫለሽ። ልጅቷ አልፈርምም ብላ እስካሁን ተኝታለች አሉ። በአላህ ድረሺላት» አለችኝ። እኔስ በምን ልድረስ? የእኔም ዕረፍት እሑድ ብቻ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ፤ ቴታ ግን ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ አልደከመም።

«ሹ ቢኪ፣ ረሺዳ? ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ በትሯን ተደግፋ ተነሳች። «ሐኪሙ ተራመጂ አለኝ እንጂ ባሕር ዳር ተራመጂ አላለኝም። የሆስፒታል ኮሪደርም ይረገጣል። ያላ፣ ሰርቪስ አስቁሚ» አለች። ማዳሜ ብትቆጣስ ስላት፣ «እኔ ነኝ የወለድኳት፣ ኸላስ» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች። ክቡር ሊቀመንበር፣ ቴታ ይህን ዕቅድ ያወጣችው ያለ ምንም ሶፍትዌር መሆኑን ስገልጽልዎ በጣም አዝናለሁ።

ፊርደውስ እኔን ስታይ መጀመሪያ የተናገረችው፣ «እግሬን ሊወስዱት ነው፤ ለእናቴ እንዳትነግሪያት» የሚል ነበር። ቴታ በትሯን ወለሉ ላይ እያንኳኳች ሐኪሙን ከሌላ ክፍል አስጠራችው። እሱ ተናገረ፣ እኔ ተረጎምኩ። የሚቆርጡት ቆዳውን ነው፤ ውስጥ ብረት አስገብተው አጥንቱን ያያይዙታል፤ እግሩን የሚወስደው ማንም የለም። ፊርደውስ አፌን አፌን እያየች «ወላሂ በይ» አለችኝ። «ወላሂ» አልኳት። ፈረመች። ይኸው ነው፤ አንድ ሰው መጥቶ በአማርኛ እስኪነግራት ድረስ ብቻ ነበር የጠበቀችው።

ሐኪሙ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ለቴታ ዝቅ ባለ ድምፅ የነገራትን ሰማሁ። ቀደም ብላ ብትፈርም ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አሁን አጥንቱ ተዛንፎ መያያዝ ስለጀመረ እግሩ ሊያጥር ይችላል አላት። ቴታ ወደ እኔ ዞራ «ይህን አትተርጉሚላት» አለችኝ። ለፊርደውስ አልተረጎምኩላትም። ለእርስዎ ግን ይኸው ተርጉሜዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኮርኒሹን ጨርሶ ተውነው። ቴታ በየቀኑ ከፊርደውስ ጋር ኮሪደሩን ትመላለስ ጀመር፤ አንዷ በበትር፣ አንዷ በብረት መደገፊያ፤ ማን ማንን እንደሚያስታምም ነርሶቹም አልለዩትም። ፊርደውስ ሲያማት ቆም ስትል፣ ቴታ «እኔ አሮጊቷ እየሄድኩ አንቺ ልትቆሚ ነው?» ትላታለች።

እርስዎ በዚህ መሐል አንድ ቀን ላፕቶፑን አንግተው፣ ኮት ለብሰው ብቅ አሉ። ሶፍትዌሩ ተመርጦ ነበርና መረጃ ሊሰበስቡ ነው የመጡት። ቴታ ሐኪም መሰሏት እጅጌዋን ሰብስባ ለደም ግፊት ክንዷን ዘረጋችልዎ። እርስዎም እንደ ሰላምታ ቆጥረው ጨበጧት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሥራዎን ጀመሩ።

«እህት ፊርደውስ፣ የምትድኚበትን ቀን ንገሪኝ። ሶፍትዌሩ የማብቂያ ቀን ካልተሰጠው አይቀጥልም።»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው» አለችዎ።

«እሱማ ልክ ነው፤ ግን አላህ ብሎ አይቀበልም፤ ቀን ነው የሚፈልገው።»

«ወንድሜ፣» አለችዎ ፊርደውስ፣ «የማውቀው የወደቅኩበትን ቀን ነው፤ እሱን ይቀበል እንደሆነ ጻፍለት።»

ወዲያው ላፕቶፑ ኃይል ጨረሰ። እርስዎም ሶኬት ሲፈልጉ የማራገቢያውን ገመድ ነቀሉ። ቴታ «ፓርዶን ዶክተር፣ ከስብራቱ የተረፈችውን በሙቀት ልትገድላት ነው?» ስትልዎ መልሰው ሰኩት። ለሐቅ ስል ግን አንድ ነገር አልደብቅም፤ ያን ቀን ብርቱካን ይዘው መጥተው ነበር። ላፕቶፑ ከጠፋ በኋላ ራስዎ ልጠው አጎረሷት፤ ስለ ወሎዋ ሐይቅ ከተማ ገበያ አወሩላት፤ ሳቀች። ከወደቀች በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ይህን ማድረግ እንደሚችሉ ባላውቅ ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጣሁ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። አሠሪዎቿ ትኬት ቆርጠው ሊሸኟት ሲወስኑ፣ ሰሊማ ጅዴይዴ ያለ ጫማ ሰፊ ለምና የግራ ጫማዋን ሶል አስደረበችላት። ፊርደውስ በዚያች ጫማ እያነከሰች አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ገባች። በሩ ላይ ዞራ እጇን ስታወዛውዝ፣ ቴታ መኪና ውስጥ ሆና «ቀጥ ብለሽ ሂጂ!» እያለች ትጮህ ነበር፤ እየጮኸችም ታለቅስ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እርስዎ ፕሮጀክተር ተውሰው ግድግዳው ላይ አንድ ረጅም አረንጓዴ መስመር አሳዩን። «ፕሮጀክት ፊርደውስ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል፤ የመረጥነው ሶፍትዌር ብቃቱን አስመስክሯል» አሉን። እኔንም ከሥራው ግብዓቶች እንደ አንዱ ጠቅሰውኛል፤ ክብር ነው። ቴታ አባል ስላልሆነች አልተጠቀሰችም። ሰዉ አጨበጨበ። ከሪማ ብቻ፣ አዲስ መጥታ ነገሩ ስላልገባት፣ «ልጅቷ ዳነች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። እርስዎም «መቶ በመቶ» አሏት።

ፊርደውስ ኮምቦልቻ ከገባች በኋላ ደውላልኛለች። ብረቱ በብርድ ጊዜ እንደሚያማት፣ ለሶላት መንበርከክ ስለማትችል ወንበር እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ረሺዳ፣ እናቴ መንገድ ላይ ወጥታ ስትጠብቀኝ ነበር። ከሩቅ አረማመዴን አይታ ሌላ ሰው መሰልኳት። አጠገቧ ስደርስ እንኳ አልፋኝ ወደ ኋላዬ ታይ ነበር።»

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሶፍትዌሩን ይጣሉት አልልም፤ ያን ሁሉ ደክመው መርጠውታል። ሌላ ጊዜ ሶፍትዌሩ እስኪከፈት ድረስ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ ብዬ ብቻ እለምናለሁ። ደግሞም ያ አረንጓዴ መስመር እውነት እንዲመስል፣ እንደ ፊርደውስ ግራ እግር ትንሽ ያሳጥሩልን።

ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሩቅ ለሚያዩት ለእርስዎ፣ ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ እንዲረዝም፣ ባትሪዎም ከሞት እንዲነሳ ዱዓ እያደረግሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

እህትዎ ረሺዳ
ከራውሼ

ሳልረሳው፦ ሐሙስ ዕለት ከሪማን ትኩሳት ጥሏት ነበር። ለሰሊማ ደወለች፣ ሰሊማ ለእኔ ደወለች፣ አሁን ተሽሏታል። በዚህ ሰሞን ስልክዎ ለምን ዝም እንዳለ እያሰቡ ከሆነ፣ ኔትወርኩ ደህና ነው።