ያልታሰረች እግር

ሰኞ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በሰባት
ከመጠገኛ ቤቱ

ቀጮዬ፣

ሰላም ነው? እኔ ሰላም ነኝ ልልህ ነበር፣ ግን አልዋሽህም። ጽሕፈቴ ድሮውንም ዶሮ የጫረችው ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለህ አንብበው። ወደናንተ ሳይት ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሹፌር ደጅ ላይ ጎማ እያስነፋ ነው፣ ይቺን የሚያደርስልህ እሱ ነው፣ እስኪጨርስ ነው የምጽፍልህ፣ ጥሩንባውን ከነፋ አለቀልኝ። ስልክ ስለማታነሳ ነው። አልቆጣም፣ ዛሬ ቁጣ የለም።

ሥራ እንዳገኘሁ እንኳን አታውቅም። ማዞሪያው ጋ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የፓምፕ ቦርድ የሚጠግኑ ሴትዮ አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው። የገባሁት ጠረጴዛ ልወለውል ነበር፣ አሁን መበየጃ ያስይዙኛል። "እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት እትዬ፣ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው" ብላቸው፣ "አይዞሽ፣ ኤሌክትሪክ ካንቺም ያነሰ ነው የተማረው፣ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው" አሉኝ። አለ እና የለም። በቃ! አለ አንድ ነው፣ የለም ዜሮ ነው፣ ማሽኑ የሚያስበው ሁሉ በነዚህ ነው።

ቦርዱ ላይ በረሮ የመሰለች ጥቁር ነገር አለች፣ በግራ በቀኟ እግር የተደረደረላት፣ አይሲ ይሏታል። ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም ግን ሆዷ በር በበር ነው። አንዱ "እና" ነው፣ ሁለቱም ወገን አለ ካላሉት አይከፍትም። ማጠቢያ ማሽን ክዳኑ ተዘግቶ እና ቁልፉ ተጭኖ ካልሆነ አይዞርም አይደል? እሱ ነው። አንዱ "ወይም" ነው፣ የፊቱን በር መጫኛ ተጫን ወይም የጓሮውን፣ ደወሉ ይጮሃል። አንዱ ደሞ እምቢተኛ ነው፣ አለ ስትለው የለም፣ የለም ስትለው አለ ይልሃል። "ይሄንንስ አውቀዋለሁ፣ አማቴ ናቸው" ብዬ እትዬን በሳቅ ገደልኳቸው። ለእናትህ እንዳትነግር።

አሁን ዋናው። እትዬ "ሁለት እምቢተኛ አስከትለሽ ብታስሪ ምን ይወጣል?" አሉኝ። "እምቢ በእምቢ ነዋ!" አልኩ። "አትቸኩይ፣ አስቢው" አሉ። የመጀመሪያው "አለ"ን የለም ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ያንኑ የለም ተቀብሎ መልሶ አለ ያደርገዋል። ይሄኔ መበየጃውን አስቀምጬ አለቀስኩ። ጢሱ ነው አልኳቸው።

ባለፈው ስልክ ላይ ያልኩህ እኮ እሱ ነው! እህትህ "ሰልችቶኛል ብላለች" ብላ ነግራህ አንተ ስትጮህብኝ፣ እኔ ያልኩህ "አልፈልግህም አላልኩም" ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የፊተኛው ደረሰህ፣ የኋለኛው መንገድ ላይ ቀረ። አንተም "ይሁን፣ ገባኝ" ብለህ ዘጋኸው። ምኑ ነው የገባህ? ለተዘጋ ስልክ "አላልኩም! አላልኩም!" እያልኩ ስጮህ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እስቲ አሁን ሁለቱን አስከትለህ አንብባቸው። አልፈልግህም አላልኩም። ምን ወጣ?

ሹፌሩ ኮንትራት ልታድስ ነው አለኝ፣ ዓመት ሙሉ። እውነት ነው?

አንድ ነገር ደሞ አለ፣ አትደንግጥ። አዋላጇ ሆዴን ዳብሳ ዳብሳ "ጭንቅላቱ ወደ ላይ ነው፣ በእግሩ ነው የተቀመጠው" አለችኝ። እስካሁን ካልዞረ አይዞርም፣ ዓርብ በቀዶ ጥገና ይወጣል። "ባልሽስ?" ስትለኝ "ሥራ ላይ ነው" አልኩ። "ይመጣል?" ስትለኝ ካርዴን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዛ ወደ ሥራ ተመልሼ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? አይሲዋ በአንድ ጫፏ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ምልክት አለቻት፣ ጭንቅላቷ እሱ ነው፣ እትዬ ሁልጊዜ "ሳትሰኪ ጭንቅላቷን እዪ" ይሉኛል። ገልብጬ ሰካኋት። መብራት ልለቅባት ስል እትዬ እጄን ለቀም አደረጉኝ። "ልታቃጥያት ነው! ዛሬ ምን ነክቶሻል?" ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አይሲዋን በቀስታ ነቅለው አዙረው መለሷት፣ መብራቷ በራ። "ተገልብጦ የገባ ሁሉ አይቃጠልም የኔ ልጅ፣ ቀድሞ ያየው ሰው ካለ። ያንቺንም አይተውታል" አሉኝ። ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

ዓርብ ሱቁን ዘግተው አብረውኝ ሊሆኑ ነው። ታዲያ እሳቸው ይበቃሉ ትል ይሆናል። ይሄ የ"ወይም" በር አይደለም ቀጮ።

ነጩን ሸሚዝህን ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። የልጁ ልብስ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የቤቱ ቁልፍ እትዬ ጋ ነው፣ እኔ ባልኖር ከሳቸው ተቀበል። ማለቴ ሆስፒታል ስሆን።

ወይኔ ጥሩንባውን ነፋው! ጠብቀኝ ብዬዋለሁ፣ ይቺን ብቻ። አንድ ቀን ከአይሲዋ እግሮች አንዷን ሳላስር ትቼ "ምንም አልነካትም፣ ያው ዜሮ ናት" ስላቸው እትዬ ተቆጡ። "ያልታሰረች እግር ዜሮ አይደለችም! ዜሮም ይታሰራል፣ ዜሮም መልስ ነው። ያልታሰረችዋ ግን እጅሽን ስታስጠጊያት እንኳ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም እያለች ስትቃዥ ነው የምትውለው" አሉኝ። ይኸውልህ፣ እኔ ነኝ። የጎረቤት ስልክ ሲጮህ አለ፣ ሲነሳ የለም።

ማውራት ካልፈለግክ አታውራ። ሚስድ ኮል አድርግልኝ፣ አላነሳውም፣ ሙት! የምትመጣ ከሆነ አንዴ ደውለህ ዝጋው። የማትመጣ ከሆነ ሁለቴ። ሁለቴም ቢሆን አልረግምህም፣ ዓርብን አውቄው እገባለሁ። ዝም ብቻ አትበለኝ።

እዛ ከፍታ ላይ ስትወጣ እግርህን ይጠብቅልኝ፣ ክፉ አይንካህ፣ የልጅህን ዓይን ለማየት ያብቃህ። እኔንም።

አላልኩም የምትለው ሚስትህ፣
ቸኩዬ