የጌዴዎን ፕላስቲኮች

ሐምሌ 4

ብርድ። በስደት የምኖርበት ይህ የትሮይቪል ቤት ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ይቀዘቅዛል። በጠዋት ጂፒ ገበያ ሄጄ ሱቄን ከፈትኩ። ካልሲና ኮፍያ ጥሩ ተሸጠ። ብርዱ ለእኔ ጥሩ ነው ብዬ ነበር... በዚህ አፌ።

ከሰዓት ወንድሜ ሀቢሶ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ነበሩ። ሀቢሶ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቴምቢሳ ነው የሚነግደው። በሥራ ቀን ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አያውቅም። ገና በሩ ላይ ሳየው ካልሲ ማጠፌን ተውኩ።

«ነይ እቴ፣ ቤት እንሂድ።»

«እዚሁ ንገረኝ።»

«ቤት ብንሄድ...»

«ሀቢሶ፣ እዚሁ!»

ጌዴዎን። ልጄ። ቴምቢሳ፣ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቁ ውስጥ፣ እዚያው በሚተኛበት። ለብርዱ ከሰል አያይዞ ተኛ። ሌባ ፈርቶ በሩን ከውስጥ ቆልፏል። መስኮት የለውም። ጠዋት ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሕፃናት «ማሉሜ! ማሉሜ!» እያሉ በሩን ደበደቡት። አጎቴ ማለታቸው ነው፤ እንዲያ ነበር የሚጠሩት። አልመለሰላቸውም።

ሌባውን ፈርቶ ከጭሱ ጋር ተቆለፈ። ሌባው በገባና እሱ በኖረልኝ...

ሐምሌ 5

ሰው ብዙ ነው። ሁሉም ያወራል። መጻፍ አልችልም።

ሐምሌ 8

ቀበርነው። ሀቢሶ አገር ቤት ይላክ ብሎ ነበር። እናቱ እዚህ ነኝ፣ ለማን ነው የምልከው? አልኩት። 

ይህን ግን መጻፍ አለብኝ። እንዳልረሳው። ሱቁን ሲያጸዱ ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን አገኙ። ውስጡ ሳንቲም። እያንዳንዱ ለብቻው በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጓል። ፕላስቲኩ ውስጥ እንግሊዝኛና ቁጥር ያለበት ወረቀት አለ። የአሜሪካ ሳንቲም ነው አሉ። ያገኙት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ደረሰ። «ካርቶን ሙሉ ብር» ሆነ።

ፓስተር ሲላስ መቃብሩ ላይ ቆሞ ሰበከ። «ይህ ወንድማችን ከኅብረት ከቀረ ሁለት ዓመት ሆነው። ለምን ቀረ? ወገኖቼ፣ ምክንያቱን አሁን አውቀነዋል። ልቡ ብር ላይ ነበር። እናንተ ወጣቶች፣ ከዚህ ተማሩ!»

አሜን አሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ፣ በልጄ ላይ አሜን አሉ።

እሑድ የሚቀረው ሱቅ የሚጠብቅለት ሰው ስለሌለው ነበር። ሲላስ ይህን አያውቅም? ግማሹ ምእመን የሚኖረው በስፓዛ ነው።

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። «ፓስተር፣ ለልጄ ልጸልይለት?»

«እህት በቀለች፣ ለአንቺ እንጸልያለን። ለሞተ ሰው አይጸለይም። የእሱ ጉዳይ ተዘግቷል።»

ተዘግቷል አለኝ። እንደ ሱቅ።

ሐምሌ 11

ሀቢሶ ሲያስብ ሰንብቶ መጣ። «እቴ፣ ሰው የሚያወራው ሳንቲሙ እኛ ቤት ስላለ ነው። ለቤተ ክርስቲያን እንስጠው። በጌዴዎን ስም መባ ይሁን። ያን ጊዜ ማን አፉን ይከፍታል?»

እውነት መሰለኝ። ስሙ የሚጸዳ መሰለኝ።

«ከነፕላስቲኩ?»

«ፕላስቲኩ ምን ያደርግላቸዋል? ብሩን እንጂ።»

መዶሻ አመጣ። ፕላስቲኩ እምቢ አለ። በፎጣ ጠቅልሎ ወለሉ ላይ ደጋግሞ መታው። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጮሁብን። ሀቢሶ አልቦታል። «ይህን ያሸገ ሰውዬ ለእኛ የሱቅ በር ቢሠራልን ሌባ የሚባል አይገባም ነበር» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በር ማለቱ ትዝ አለው። አቀርቅሮ መምታቱን ቀጠለ።

እኔም አንዱን አንስቼ ጉንጬ ላይ አደረግሁት። የልጄ እጅ ነክቶታል ብዬ። ቀዝቃዛ ነው... ቢሆንም አቆየሁት።

ሀቢሶ ሳንቲሙን ይዞ ሄደ። ስብርባሪውን ጠርጌ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተትኩ።

ሐምሌ 14

የቆሻሻ መኪና መጣ። ፌስታሉን ራሴ አወረድኩ። አንድ ነገር የጨረስኩ መሰለኝ።

ሐምሌ 17

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ወንድም ዮፍታሄ፣ መጣ። ሳንቲሙን መልሶ አመጣው።

«ብር የሚገዛው ሰውዬ ሳቀብን። አብዛኛው መዳብ ነው። ተራ ሳንቲም። እዚያው አገሩ ውስጥ ማስቲካ አይገዛም አለን።»

«ታዲያ ልጄ ያከማቸው ብር የት አለ?»

«እኛ ምን እናውቃለን፣ እህቴ...»

«መቃብሩ ላይ ታውቁ ነበር።»

መሬት መሬት አየ። ሻይ አላፈላሁለትም። እንግዳ ሻይ ሳይጠጣ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ወጣ።

ሐምሌ 19

አንዲት ልጅ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ሩመይሳ ትባላለች። ጌዴዎን ዕቃ የሚያወጣበት የጅምላ መደብር የአባቷ ነው፤ እሷ ሂሳብ ላይ ትቀመጣለች። ስልጤዎች ናቸው።

«ቆየሁብሽ እማ፣ አውፍ በይኝ። ቤታችሁን አላውቅም ነበር።»

ብዙ አለቀሰች። ለደንበኛ እንዲህ ይለቀሳል? አልጠየቅኋትም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳንቲም አየች። ተነሳች።

«ፕላስቲኩስ?»

«ሰበርነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ኖ... ኖ ኖ ኖ። እማ!» አፏን በሻርፗ ያዘች።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ድሮ ነው፤ እሷና ጌዴዎን ሳይወለዱ። አሜሪካ ውስጥ ሳንቲም በኮምፒውተር የሚመዝኑ ድርጅቶች ነበሩ። ሰው ሳንቲሙን ይልካል። ማሽኑ ጭረቱን፣ ድምቀቱን ያያል። ነጥብ ይሰጣል። ሰው ያዳላል፣ ማሽን አያዳላም ተብሎ። ከዚያ ከነነጥቡ በፕላስቲክ ይታሸጋል።

«ከዚያስ?»

«ከሰሩ። ተዘጉ። ማሽኑም የለ፣ ሰዎቹም የሉ። ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ የተሻለ ነጥብ ላሰጥ እያለ ፕላስቲኩን ሰባብሮ ጨረሰው። ያልተሰበረው ትንሽ ነው። ጌዲ የሚሰበስበው እሱን ነበር። ሳንቲሙን አይደለም እማ። ማሸጊያውን።»

«ልጄ ባዶ ዕቃ ሰብሳቢ ነበር ነው የምትይኝ?»

እያለቀሰች ሳቀች። «እኔም እንዲህ እለው ነበር! ቆራሌው እለው ነበር።»

ማሽኑ የበደላቸውን ነበር አብልጦ የሚወደው አለች። ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ ያሳያታል። «እስቲ እይው፣ ምን ጎደለው? ማሽኑ ግን ከሰባ ሃምሳ ስምንት ነጥብ ሁለት ብሎታል። ይግባኝ እንዳይል ዳኛው ሞቷል!» ይላል። ይስቃል።

ይህን ሳቅ አላውቀውም። እኔ ጋ ሲመጣ ደክሞት ይተኛ ነበር።

«ቢሆንም እጁ የነካው ሳንቲም ቀርቶልኛል» አልኳት።

ሳንቲሙን አየች፣ ከዚያ እኔን። አስተያየቷን አልወደድኩትም።

«ምንድን ነው? ተናገሪ።»

«ሳንቲሙን ነክቶት አያውቅም፣ እማ። እንደታሸገ ነው የገዛው። ፕላስቲኩን ነበር... በሸሚዙ የሚወለውለው።»

ሐምሌ 20

ጉንጬ ላይ ያደረግሁት የማንን እጅ ነው? አሜሪካ ውስጥ የማንን?

የቆሻሻ መኪናው የት ነው የሚደፋው ብዬ ለሀቢሶ ደወልኩ። «ተይው እቴ» አለ። ደግሜ ደወልኩ። አላነሳም።

ፍሪጅ ሥር ፈለግሁ። አልጋ ሥር። አንዲት ስባሪ የለችም። ጥሩ አድርጌ ነው የምጠርገው።

ሐምሌ 22

ፓስተር ሲላስ ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ በይ አለኝ። ቆሜ ተናገርኩ።

«ብር አልነበረም። ዮፍታሄ ነግሮሃል። እሑድ መድረክ ላይ ተሳስተን ነበር በል።»

«እህት በቀለች፣ ያለፈ ነገር ማንሳት ኅብረቱን ያውካል።»

«ያነሳኸው አንተ አይደለህ?»

«ጌታ እውነቱን ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። ያላወቃችሁት እናንተ ናችሁ።»

ስልኩ ጠራ። አነሳው። ሲያወራ ግድግዳውን እያየሁ ጠበቅሁ። ሲጨርስ «እንጸልይልሽ?» አለኝ። ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ አሰብኩት። ያ ማሽን ክፉም ቢሆን ሳንቲሙን አይቶ ነው ነጥብ የሰጠው። ሲላስ ልጄን መቼ አየው? ቴምቢሳ ሄዶ ያውቃል? አንድ ቀን እንኳ ከሱቁ ዳቦ ገዝቷል?

ሐምሌ 23

ሀቢሶ ስኳር ይዞ መጣ። የመዶሻውን ነገር አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁበትም። ሲወጣ «እኔ ነኝ ያልኩሽ» አለ። መስበሩን። «እኔም ፎጣውን ሰጥቼሃለሁ» አልኩት።

ሐምሌ 26

ሩመይሳ ጂፒ ሱቄ መጣች። ካልሲ አብራኝ አጠፈች። አጣጠፏ አያምርም። ሳላስበው ጠየቅሁ።

«እናንተ ለሞተ ሰው ትጸልያላችሁ?»

«ዱዓ እናደርጋለን።»

«ለጌዴዎንስ?»

«ለእሱ አይሆንም ይላል አባዬ። የእኛ ስላልሆነ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አባዬ ሲተኛ አደርጋለሁ።»

ሳቅን። ከሞተ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ጎን ያለው ባለሱቅ ዞሮ አየን። ሐዘንተኛ ስትስቅ።

ማታ ግን ተናደድኩ። በእሷ አይደለም... በእሷም ነው። የሰው ልጅ አባቷን ተደብቃ ለልጄ ትለምናለች። እኔ እናቱ አይፈቀድም ብለውኝ አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ። ማን ነው የከለከለኝ? ሲላስ። ሲላስ ማን ነው? ዳኛ ነው?

ትምህርቱን አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። የሌላ ሰው ሲሞት ልክ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ። ለእኔ ሲሆን ግን ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። በየማታው ይንበረከካል። አፌ ብቻ ነው የቀረው።

ሐምሌ 30

ረቡዕ። የጸሎት ፕሮግራም። ሀቢሶ ጎን ተቀመጥኩ።

ሲላስ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል እንደ ልማዱ ሰው ተነሳ። አንዱ ለወረቀቱ፣ ጥገኝነቱ እንዲታደስለት። አንዷ ኮዝሞ ሲቲ ለታመመ ልጇ። አንዱ ሱቁ ስለተዘረፈ። ሁሉንም ተቀበለ።

ተነሳሁ። 

«ለልጄ ለጌዴዎን ጸልዩ።»

 ሲላስ ፈጠን ብሎ፣ «አዎ፣ እህታችንን ጌታ እንዲያጽናናት...»

«ለእኔ አይደለም። ለእሱ።»

ሀቢሶ ቀሚሴን ጎተተኝ። «እቴ ተቀመጪ። በጌታ ተቀመጪ።»

«ቀሚሴን ልቀቅ።»

ለቀቀኝ። ማንም ሲጀምር ስላላየሁ ራሴ ጀመርኩ። ድምፄን አውጥቼ። በሀዲይኛ፣ እሱን ባሳደግሁበት ቋንቋ። ማረው አልኩ። ተቀበለው አልኩ። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ አልጠላህም አልኩ። እንደ ሌባ ቆልፎ አይደለም፣ እንደ ፈራ ልጅ ነው የቆለፈው፣ ክፈትለት አልኩ። ከኋላ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። የወጣ ወጣ። አልዞርኩም።

ስጨርስ ሀቢሶ አጠገቤ ቆሟል። መቼ እንደተነሳ አላየሁም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ «አሜን» አለ። ከፊት አንዲት ሴት ደገመችው። ከዚያ ሌላ። ብዙ አይደሉም። ሲላስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ይጸልይ፣ ይሸሽ፣ አላወቅሁም። ግድም አልሰጠኝም።

ንዴቴ አልወጣም። አብሮኝ ቤት ገባ። ፍርሃቱ ግን ወጥቷል።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ነበር። አሁን ሰው ቢያነበው አልፈራም። እንግዲህ እኔ ሳልኖር ይህን ያገኘህ፣ ያገኘሽ፣ ማንም ሁኑ፣ የማንም ወገን ሁኑ። ልጄ ጌዴዎን ኤርሲዶ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቴምቢሳ ሞተ። ረጅም ጸሎት አልለምንም። ስሙን ጥሩና ማርልን በሉ። ሥራ ላይ ብትሆኑም፣ መንገድ ላይም ብትሆኑ። አሁኑኑ፣ ይህን ደብተር ከማጠፋችሁ በፊት ጸልዩለት።